የቢራ ዋጋና የቁጣ አድራሻ

የመጠጥ ዋጋ ሲንር የሚሰማው ቅሬታ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የማያልፍ ተራ ጉርምርምታ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ታሪክ ግን ሌላም ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1844 በባቫሪያ የቢራን ዋጋ የሚተምነው ጠማቂው ወይም ባለ መጠጥ ቤቱ ሳይሆን መንግሥት ነበር። ለሙኒክ ሠራተኛ ደግሞ ቢራ የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የዕለት ምግቡ አካል ነው። በዚያው ዓመት ሜይ 1 ቀን፣ በንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ ዘመን፣ ዋጋው መጨመሩ ሲታወቅ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ጠመቃ ቤቶች ተጠቁ፤ መስኮቶች ተሰባበሩ፤ ፖሊሶች ተደበደቡ። ወታደሩም ራሱ ቢራ ጠጪ ነበርና ሕዝቡን ለመበተን አመነታ። ረብሻው እስከ ሜይ 5 ቀን ዘለቀ፤ የበረደውም ንጉሡ ዋጋው እንዲቀንስ ካዘዘ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ፍሬድሪክ ኤንግልስ ስለዚሁ ጉዳይ በአንድ የእንግሊዝ ሠራተኞች ጋዜጣ ላይ ጽፎ ነበር። መንግሥትን በቢራ ዋጋ ማስደንገጥ እንደሚቻል ያወቀ ሕዝብ በከበደውም ጉዳይ ይሞክረዋል የሚል ግምት ነበረው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1848ቱ የአውሮፓ አብዮት፣ ሉድቪግ ዙፋኑን ለቀቀ። ምክንያቱ ቢራ ነው ማለት ባይቻልም፣ ልምምዱ ግን አስቀድሞ ተደርጓል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ዋጋ ሲጨምር ሦስት ጃምቦ የሚጠጣው በአንድ ይወሰናል፤ የባሩ ደንበኛ ወደ ግሮሰሪ፣ የግሮሰሪው ወደ አረቄ ቤት ወይም ወደ ቤቱ ይወርዳል። የቀረው ሒሳብ ይዛ ከመጣችው አስተናጋጅ ጋር ይጨቃጨቃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

ይህን በትዕግሥታችን ብቻ ማስረዳት ስሕተት ይመስለኛል። የሙኒክ ሰው ዋጋውን ማን እንደጨመረ ያውቅ ነበር። የእኛ ዋጋ ግን የብዙ እጆች ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የታክሱን ስሌት ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ አዛወረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባ ግብዓት ሁሉ ተወደደ። በዚህ ላይ አከፋፋዩና ባለ ባሩ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ሲጠየቁ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ረብሻ የሚመኝ የለም። ነገር ግን ከአንድ ጠርሙስ ላይ መንግሥት፣ ፋብሪካውና ነጋዴው ስንት ስንት እንደሚወስዱ ማወቅ የከፋዩ መብት ነው። አድራሻ ያጣ ቁጣ ጠፍቶ አይቀርም፤ ምንም የማያውቀው ምስኪን አስተናጋጅ ላይ ይወርዳል እንጂ።