ራስ ምታትና የማጅራት ሕመም በጎጃም ደጋ፦ ከዋግምት እስከ ኪኒን

የአንድ ሕዝብ የሕክምና ታሪክ ለበሽታዎች ካወጣቸው ስሞች ይነበባል። «ራስ ምታት» የሚመታ ኃይል እንዳለ ይናገራል፤ «ምች»ም ከዚያው ግሥ የወጣ ነው። «ራስ ፍልጠት» የሕመሙን ጽናት ከእንጨት መፈለጥ ጋር ያመሳስላል፤ «ማጅራት ገትር» ደግሞ የአንገትን መገተር ዋና ምልክት ያደርጋል። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፣ ለማይለቅ የራስና የአንገት ሕመም የሚመረጠው ሕክምና ለረጅም ዘመን በስሙ የተጠቆመውን መንስኤ ሲከተል ኖሯል።

ምች ነው ከተባለ ዳማከሴ ታሽቶ ይጠጣል፣ ገላም ይታሽበታል። ለራስ ምታት ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል፤ ለጋ ቅቤም አናት ላይ ይደረጋል። ሕመሙ ከመንፈስ ነው ሲባል ጠበልና ክታብ፣ ከመጥፎ ደም ነው ሲባል ዋግምት ይከተላል፤ ባለሙያው ቆዳውን በጥቶ፣ በቀንድ ስቦ ደሙን ያወጣል። ደብተሮች ይህን መሰሉን ዕውቀት በመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈው አቆይተዋል። ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ባሳተማቸው ሁለት ቅጾች ከእነዚህ ጽሑፎች በርካታውን ለተመራማሪዎች አቅርቧል።

በሌላው ዓለም አስፒሪን እ.ኤ.አ. በ1899 ለገበያ ቀረበ፤ ኤርጎታሚን በ1918 ተለየ። ኪኒኑ ገጠር ሲደርስ ግን የቀደሙትን አማራጮች አልተካም፤ ተደረበባቸው እንጂ። ዛሬም አንዲት እናት ዳማከሴውን፣ ጠበሉንና ከሱቅ የተገዛውን ማስታገሻ በአንድ ሳምንት ልትሞክር ትችላለች።

የሕመሙ ስፋት በጥናት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የታየባቸው አዋቂዎች 3 በመቶ ነበሩ። በአገሪቱ በተመረጡ አካባቢዎች ተካሂዶ በ2016 የታተመው ጥናት ግን ቁጥሩን 17.7 በመቶ አድርሶታል። ልዩነቱ የአጠያየቅ ዘዴን ጭምር ሊያንጸባርቅ ስለሚችል፣ በሽታው በዚያው ልክ ጨመረ ማለት አይቻልም።

አማራጮቹ ሲመዘኑ ዳማከሴና ቅቤ ለብዙዎች እፎይታ ሰጥተው ይሆናል፤ ጉዳታቸው የሚከፋው ሐኪም ዘንድ መሄድን ሲያዘገዩ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወር ምላጭ ግን የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። ኪኒኑም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ለተደጋጋሚ ማይግሬን ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን፣ ለአንገት ሕመም ደግሞ እንቅስቃሴና ሸክምን ማቃለል የተሻሉ ናቸው። በተዘጋ ጎጆ የሚጨስ ከሰልም መዘንጋት የለበትም።

ሐኪም በሽተኛው የሞከረውን ሁሉ ሳይነቅፍ ይጠይቅ ዘንድ ይገባል፤ የሚነቀፍ በሽተኛ ይደብቃልና። ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ በድንገት የመጣ ብርቱ ሕመም፣ የእጅና እግር መዛል ወይም የዕይታ መቀነስ ሲኖር ግን ጊዜ አይሰጥም። ማጅራት ገትርን የሰየሙት አባቶች የአንገቱን ምልክት አስተውለው ነበር፤ ከዛሬው ሐኪም የሚጠበቀው ያንን ምልክት በጊዜ አይቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።