ቪዲዮ ኤዲት ስናደርግ ኮምፒውተራችን ለምን ይንቀራፈፋል? ሳንገዛስ እንዴት እናፍጥነው?

በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ ካምፖች ቪዲዮ መሥራት ቅንጦት አይደለም። መጽሐፍ ላልደረሳቸው ተማሪዎች ትምህርቱን በስልክ ቀርጸን በሚሞሪ ካርድ እናዞራለን። ሌላው ሰርጉን ወይም ተዝካሩን ቀርጾ ለተበታተነ ቤተሰቡ ይልካል። ጣጣው የሚመጣው ቀረጻውን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከፍተን መቁረጥና መቀጠል ስንጀምር ነው። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል፣ መብራት ያለባት ሰዓት ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ታልቃለች። ብዙ ሰው «አዲስ ካልተገዛ አይሆንም» ይላል። አብዛኛው ችግር ግን ሳይገዛም ይስተካከላል። እኔ ለተማሪዎቼ ቪዲዮ ሳዘጋጅ የምከተለው ቅደም ተከተል ይኸው።

1. መጀመሪያ ችግሩን ለዩ

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ቪዲዮው እየሄደ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ተመልከቱ። ወደ 100 ፐርሰንት የተጠጋው ነው ጥፋተኛው።

- ራሙ ከሞላ ብሮውዘሩንና ሌላ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ከኤዲቲንግ ጋር ሌላ ሥራ አይችልም።
- ዲስኩ ከተጨናነቀ ቪዲዮውን ከፍላሽ ላይ እየከፈታችሁ እንዳይሆን እዩ። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡና ሥሩ። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላም የማትፈልጉትን አጥፉለት።
- ፕሮሰሰሩ ከሆነ ቪዲዮው ከብዶታል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

2. ቪዲዮው ለምን ይከብዳል?

ስልክ ቦታ ለመቆጠብ ሲል እያንዳንዱን ምስል ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉውን ያስቀምጥና ለሚቀጥሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ መሃል ላይ ስትቆርጡ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ምስል ይፈልጋል፤ ከዚያ እያሰላ እናንተ ያላችሁበት ድረስ ይመጣል። ኤች.265 የሚባለው አቀራረጽ ከኤች.264 የበለጠ የተጨመቀ ስለሆነ ቦታ ይቆጥባል፤ አሮጌ ፕሮሰሰርን ግን ያስጨንቃል።

መጠኑም ለውጥ አለው። በ1080ፒ አንድ ምስል 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ሲኖረው፣ በ4ኬ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። ሥራው አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ገና ሳትቀርጹ የስልኩ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 1080ፒ ወይም 720ፒ፣ በሰከንድ 30 ምስል፣ ምርጫው ካለ ደግሞ ኤች.264 አድርጉት። በስልክ ለሚታይ ትምህርት ይበቃል።

3. ተቀርጾ ላለቀው፦ ፕሮክሲ

ፕሮክሲ የከባዱ ቪዲዮ ቀላል ቅጂ ነው። እናንተ በቀላሉ ላይ ትቆርጣላችሁ፤ ፕሮግራሙ ኤክስፖርት ሲያደርግ ዋናውን ይጠቀማል። ሾትካት እና ኬደንላይቭ የሚባሉት ሁለት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ፕሮክሲም አላቸው። ሾትካት ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕሮክሲ» የሚለውን ታገኛላችሁ። «ፕሪቪው ስኬሊንግ» የሚለውን 360ፒ ብታደርጉት የምታዩት ምስል ይደበዝዛል እንጂ የመጨረሻው ሥራ አይበላሽም።

ፕሮክሲ ሲዘጋጅ ጊዜ ስለሚወስድ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አስጀምሩ። አደራ፣ ፕሮክሲ አለኝ ብላችሁ ዋናውን ቪዲዮ እንዳታጠፉ፤ ከፎልደሩም አታንቀሳቅሱት።

4. ሙቀትና አቧራ

ገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማለዳ ደህና የነበረው ላፕቶፕ ቀትር ላይ የሚንቀራፈፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ ከሥሩ ያለው የአየር ቀዳዳ ይደፈናል። በአራቱ ማዕዘን የጠርሙስ ቆርኪ አድርጉና ከፍ አድርጉት። ከሀቡብ በኋላ አጥፍታችሁ፣ ከቻርጀር ነቅላችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከባዱን ሥራ ለማለዳ ወይም ለማታ አቆዩት። በባትሪ ብቻ ሲሠራ ብዙ ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ከተቻለ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሥሩ።

5. ኤክስፖርት

ኤክስፖርት መሃል ላይ መብራት ከጠፋና ባትሪው ካልያዘ ግማሽ የደረሰው ኤምፒ4 ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ የ30 ደቂቃ ትምህርት ካላችሁ አምስት አምስት ደቂቃ አድርጋችሁ አውጡት። ቢቋረጥ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ለተማሪም ቢሆን አጫጭሩ ይሻላል።

720ፒ፣ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብታደርጉት 10 ደቂቃው 150 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ላይ የአንድ ትምህርት ብዙ ምዕራፍ ይገባል።

6. ገንዘብ ከተገኘ

መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ራም። የድሮው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፓችሁ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በአንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይቀየርም። ከፍታችሁ ሳታዩ ብር አታውጡ።

ግዢው ግን የመጨረሻው ነው። ከ1 እስከ 5 ያለው ምንም አያስከፍልም፤ በቅደም ተከተሉ ሞክሩት። ፕሮግራሞቹን አንድ ሰው ካወረዳቸው ለሌላው በፍላሽ ማካፈል ይቻላል፤ ነፃ ስለሆኑ የሚከለክል የለም።