ቀባሪ ሞልቶ

እናቴ ከመኝታ ቤት ወደ ጓዳ ስታልፍ ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ የድርሻቸውን ከጨረሱ በኋላ «ከነገ ወዲያ ይወስዷታል፤ ሌት ተቀን የሚያነሳትና የሚያገላብጣት ሰው ግን ያስፈልጋታል» አሉኝ። ሁለት ቀን! በሁለት ቀን ውስጥ የአዲስ አበባ ሰው ድንኳን ያስተክላል፣ ንፍሮ ያስቀቅላል፣ ሦስት መቶ ለቀስተኛ ያስቀምጣል። እድር አለዋ። እናቱን የምታገላብጥ አንዲት ሴት ግን አያገኝም።

ደላላ ዘንድ ሄድኩ። «የምትፈልገው የቤት ሠራተኛ ነው ወይስ ነርስ?» አለኝ። «በመካከል ያለች» ብለው ሳቀ። እውነቱን ነው፣ በመካከል ላለችው ስም የለንም። በመጨረሻ አንዲት ለቀን፣ አንዲት ለሌሊት ተገኙ። የሁለቱ ደመወዝ ሲደመር ከእናቴ የወር ገቢ በብዙ እጥፍ በለጠ። ገቢዋ የሟች አባቴ ጡረታ ግማሽ ነው፤ ሕጉ ለሚስት የሚያወርሰው ያንኑ ነው። ቀሪውን ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ይልካል፤ አዳማ ያለችው እህቴ ሱቋን ዘግታ መጥታ ትረዳለች፤ እኔ ደግሞ እበደራለሁ። በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ አላራዝመውም።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ጧሪ ይቀድማል። ታዲያ ቀባሪውን በመዝገብ፣ በማኅተምና በሊቀ መንበር አደራጅተን ስናበቃ ጧሪውን ለምን ለእህቴ ሱቅ ተውነው?

ድሮ እንዲህ አልነበረም ለማለት ይዳዳኛል፤ ግን ማሞካሸት አልፈልግም። በርስት አገር አዛውንቱ በእጃቸው መሬት ነበራቸው። ለሚያገቡት ልጆች ሲቆርሱ ለራሳቸው መጦሪያ ያስቀራሉ፤ ያቺን መሬት አብሯቸው ቀርቶ የሚያርስላቸው ልጅ ተስፋ ያደርጋታል። ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ውልም ነበረበት። «የጦርኩት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ከወንድማማቾች አፍ አይጠፋም ነበር። ባሏ የሞተባት ደግሞ ቆብ ጭና ደብር ትጠጋለች። መሬት ያልነበረው ጭሰኛስ? የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር ጧሪው። በከተማም ቢሆን የአሮጊት መጦሪያ ከግቢው ጀርባ የምታከራያቸው ሁለት ሦስት ክፍሎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት ተናጉ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ጭሰኛው መሬት አገኘ፤ ይህን የሚክድ የለም። የከተማዋ አሮጊት ግን ኪራይዋን ያጣችው በዚያው ዓመት ነው። የሚደንቀው፣ ውሉ ጨርሶ አልሞተም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ «የቤተሰብ አባል» የሚለውን ሲተረጉም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራውን ሰው ሁሉ ጨምሮ ነበር። የሥጋ ልጅ ያልሆነ ጧሪ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። (ከመምህርነት የቀረ ልማድ ነውና ይቅር በሉኝ።) መጦር ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሲወጣ ቃሉ ከቤት ወጥቶ ቢሮ ገባ። ዛሬ «ጡረታ ወጣ» ስንል ሰውዬው ሥራ አቆመ ማለታችን እንጂ ጧሪ አገኘ ማለታችን አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳን የራሱን የጡረታ አዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉሊት ስትቸረችር፣ ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት ዛሬም መዝገቡ ውስጥ የለችም። ሕግስ ቢሆን ልጅን ያስገድዳል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ወላጅ ከልጁ ቀለብ የመጠየቅ መብት አለው ይላሉ፤ ቀለብ ሲሉም ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። መብቱ አለ። ግን የትኛዋ እናት ናት ልጇን ፍርድ ቤት የምታቆም?

ወደ እድሩ ልመለስ። እድር የከተማ ልጅ ነው፤ ከአገሩ ርቆ አዲስ አበባ የገባ ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ሲል የወለደው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ከቀብር አልፈው መንገድና ትምህርት ቤት የሚያሠሩ፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚመክሩ እድሮች ነበሩ። ደርግ መጣና የሰፈሩን ሥራ ለቀበሌ ሰጠው፤ እድር ወደ ድንኳኑና ወደ ድስቱ ተመለሰ። እኛ ደግሞ ጥንትም እንዲህ ነበር ብለን አመንን። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራግፍ እድሮች የቀብር ወጪ አልቻል አላቸው። ያኔ አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ቀባሪው ጧሪ መሆን እንደሚችል ታይቷል ማለት ነው። ደንብ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ይለውጠዋል።

መቄዶንያን የሚያነሳብኝ ይኖራል። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ሥራ ከመንገድ ላይ ያነሳቸው አረጋውያን ስንት እንደሆኑ አገር ያውቃል። እሱ ግን ማንም ለሌላቸው ነው። የእኔ እናት ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስት ልጆች ያሏት ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ ችግረኛ አይደለችም።

እናም ለእድራችን ዳኛ ሐሳብ አቀረብኩላቸው፤ አንድ አባል አልጋ ላይ ሲውል ለሦስት ወር ያህል የአስታማሚ ደመወዝ እድሩ ቢያግዝ፣ ከቀብሩ ገንዘብ ላይ ቢቀነስም። ቀና ሰው ናቸው፤ «በጠቅላላ ጉባኤ እናየዋለን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ነገርኳት።

አልጋዋ ላይ ቀና ልትል ሞከረች። «አርባ ዓመት ያጠራቀምኩትን ነው የምታስቆርሰኝ? ሰው በባዶ ድንኳን ይሸኘኝ?»

«እማዬ፣ አሁን ነው እኮ የሚያስፈልግሽ።»

«አሁንማ እናንተ አላችሁ» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ስትል ማዞር አቃታት፤ የቀን አስታማሚዋን ጠራሁና ሁለት ሆነን አገላበጥናት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «የዚህን ወር የእድር ከፍለሃል?» ስትል ጠየቀችኝ።

አልከፈልኩም ነበር። በማግስቱ ሄጄ ከፈልኩ።