ሳይጎረምሱ የሚመረጡ

እ.ኤ.አ. በ1961 የበረዶ ሆኪ ክለቡ የቦስተን ብሩይንስ ሰዎች ጋናኖክ ወደተባለችው የኦንታሪዮ ከተማ የሄዱት ሌሎች ሁለት ታዳጊዎችን ለማየት ነበር። ዓይናቸውን የያዘው ግን የ12 ዓመቱ ቦቢ ኦር ሆነ። ደቃቃ ልጅ ነው፤ ፓኩን ግን ማንም አይነጥቀውም። በ14 ዓመቱ ለክለቡ ፈረመ፤ ለቤተሰቡ 1,000 ዶላር ተከፈለ፣ የቤታቸውም ግድግዳ ተለሰነላቸው። ኦር ከበረዶ ሆኪ ታላላቆች አንዱ ስለሆነ ነገሩ እንደ መልማይ ዓይን ተአምር ይወራል። እኔ ግን የምልመላው ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው እላለሁ፤ ፍርዱ የሚቃናውም የሚሳሳተውም ከመልማዩ ዓይን ይልቅ ልጁ በሚታይበት ዕድሜ ነው። ዕድሜውን የቆረጠው ደግሞ የጨዋታው እውቀት ሳይሆን ገበያና ፍርድ ቤት ነው።

የናሽናል ሆኪ ሊግ የመጀመሪያው ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ተራ በተራ ታዳጊ የሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ1963 ሞንትሪያል ውስጥ ሲካሄድ ስድስቱ ክለቦች የመረጡት 21 ልጆችን ብቻ ነበር። ጎበዞቹ እንደ ኦር አስቀድመው በፊርማ ታስረው ስለነበር የቀረው ቅሪት ነው። ያ አሠራር በ1969 ሲያበቃ ክለቦቹ 20 ዓመት የሞላቸውን ይመርጡ ጀመር፤ በእኔ ግምት ለመልማዮች የተሻለው ዘመን ይህ ነው። ግን ተቀናቃኙ የዓለም ሆኪ ማኅበር ለጋዎችን ማስፈረም ያዘ፤ ዌይን ግሬትዝኪ በ1978 ሲፈርም ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሽሚያውና በዕድሜ ገደቡ ላይ የተነሣው ክስ ተደማምረው በ1980 የመመረጫ ዕድሜው ወደ 18 ወረደ። መልማዮች የ18 ዓመት ልጅን መመዘን ስለቻሉበት አልነበረም።

ዋጋውን የከፈሉት ዘግይተው የሚያድጉት ናቸው። በካናዳ የታዳጊዎች ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በመሆኑ በጃንዋሪ የተወለደውና በዲሴምበር የተወለደው አንድ ምድብ ውስጥ ይጫወታሉ። ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ልዩነት በትከሻ ላይ ይታያል፤ መልማዩም ትከሻውን ተሰጥኦ አድርጎ ያነብበዋል። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ የተወለዱት ኋላ ላሳዩት ውጤት ከሚገባቸው ከ40 ደረጃ በላይ ዘግይተው ተመርጠዋል። ፓቬል ዳትሱክም ሁለት ድራፍት ታልፎ በ1998 ዲትሮይት 171ኛ አድርጎ የወሰደው 20 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ በ2002 እና በ2008 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሣ።

በ1984 ማሪዮ ሌሚዩ፣ በ2005 ሲድኒ ክሮስቢ አንደኛ ተመርጠው ተስፋቸውን አልፈጸሙም ወይ የሚል ይኖራል። ፈጽመዋል፤ ግን እነሱን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ጭንቁ ከእነሱ በታች ነው። ሁሉም ስህተት በዕድሜ አይመካኝም፤ በ1993 ኦታዋ አሌክሳንደር ዴግልን አንደኛ ሲያደርግ ኋላ እጅግ የበለጠው ክሪስ ፕሮንገር ሁለተኛ መውጣቱ የፍርድ ጉድለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የ18 ዓመት ወጣት ሠርቶ የመኖር መብት አለው የሚለው ክርክር ነው፤ እውነት ስለሆነ አልገፋውም። መብቱ ለደረሱት ይጠበቅ፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ለ18 ዓመት ልጆች ክፍት ይሁኑ፣ የቀሩት ዓመት ይጠብቁ። ሊጉ ራሱ ከ1987 እስከ 1991 እንዲህ ያለ ገደብ ሞክሮ ከሦስተኛው ዙር በኋላ የልምድ መስፈርት ጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን መስፈርቱ በትልልቆቹ የታዳጊ ሊጎች የተጫወተን ሁሉ ስለሚያሳልፍ፣ እንዲጠብቅ የተገደደው ጥቂት ነው።