የድረ ገጽ ፊደል ሲመረጥ አማርኛው ይቅደም

ነጋሪት ጋዜጣ ሲያገላብጥ የኖረ የሕግ ሰው አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ለምዷል። ሁለቱ ሲጣረሱ አማርኛው የበላይ እንደሚሆንም በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። በየሰፈሩ የሚከፈቱት የንግድ ድረ ገጾች ግን ሥርዓቱን ገልብጠውታል። ባለሙያው አስቀድሞ የሚያምር የእንግሊዝኛ ፎንት ይመርጣል፤ አማርኛው ደግሞ ስልኩ ባገኘው ፊደል ይወጣል።

እኔ በምኖርበት ጉለሌ ይህን ለማየት ሽሮ ሜዳ ብቅ ማለት ይበቃል። ከሐበሻ ልብስ ሱቆች አንዱ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞቹ ባሠራው ገጽ ላይ እንግሊዝኛው ጎልቶ ሲታይ፣ ስለ ልክና ስለ ዕቃ መመለስ የተጻፈው አማርኛ በደቃቅ ፊደል ግርጌ ላይ ተጠጋግቷል። ደንበኛዋ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ብትመልስ ሻጩ በምን ይከራከራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686፣ ነጋዴው ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታዎች በመንግሥት ሥልጣን የተወሰኑ ወይም የጸደቁ ካልሆኑ በቀር፣ ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበላቸው አያስገድዱትም ይላል። ሊነበብ ያልቻለን ቃል “አውቃዋለች” ብሎ ማስረዳት ለጠበቃም ይከብዳል።

ቀድሞ ምክንያት ነበረን። ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ያለ ክፍያ የሚገኙ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. አሉ፤ ፈቃዳቸውም ድረ ገጽ ላይ መጫንን ይፈቅዳል። ኒያላ ግን የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። ፋይሉን ከኮምፒዩተር ቀድቶ ገጽ ላይ ለመጫን የዊንዶውስ ፈቃድ አይበቃም። ይህን የሚጠይቅ የድረ ገጽ ሠሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለረጅም ጽሑፍ እኔ አቢሲኒካን እመርጣለሁ፤ የብራና ጽሕፈት ጠረን አለው። ችግሩ አንድ ውፍረት ብቻ መኖሩ ነው፤ ለርዕስ በግድ ሲወፈር ይጨማለቃል። ከእንግሊዝኛ ጄንቲየም ጋር መልካም ጎረቤት ይሆናል፤ ሁለቱም የብዕር እጅ ይታይባቸዋል። ዋጋና ማውጫ ለሚበዛበት ገጽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከኖቶ ሳንስ ጋር ቢጣመር ይሻላል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ውፍረታቸውም ይመጣጠናል።

ከመወሰን በፊት ቢ እና ቤ፣ ጪ እና ጬ በትንሽ መጠን ይታዩ። የቤ ቀለበት ከተደፈነ ቢ ትመስላለች። ከሥር ማስመርም የእነዚህን ፊደላት እግር ይቆርጣል። ፊደል ማዝመም የእኛ ባህል አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎች ማጉላት የፈለጉትን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ድረ ገጽም ቀለም አያጣም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው መስመሩ ጥቅጥቅ ይላል። ስለዚህ የመስመሩ ከፍታ ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ገደማ ቢሆን ዓይን ያርፋል።

አማርኛው ይቅደም የምለው በምርጫ ነው፤ በኮዱ ውስጥ ግን የእንግሊዝኛው ፎንት ስም ከፊት ይጻፋል። አቢሲኒካን የመሰለ የላቲን ፊደልም የያዘ ፎንት ከቀደመ እንግሊዝኛውንም ይወስደዋልና። ቁጥሮችም ከፊተኛው ፎንት ስለሚመጡ “1,500 ብር” የሚለው ከአማርኛው ጋር መስማማቱ ይታይ። አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታ የእንግሊዝኛ ኮሎን ሳይሆን ራሱ “።” ይሁን፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ከተተወ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። የግዕዝ ፎንት ፊደሉ ብዙ በመሆኑ ፋይሉ ከበድ ይላል፤ የኢንተርኔት ጥቅል እየቆጠረ ለሚከፍል ደንበኛ ከሁለት ውፍረት በላይ መጫን ግፍ ነው።

ገጹን ለመፈተሽ የባለሙያው ሰፊ ስክሪን አይሆንም። በርካሽ ስልክ፣ ቀትር ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተራ ቆሞ፣ መነጽሩን ቤቱ የረሳ የእኔ ዕድሜ ሰው የመመለሻውን ሁኔታ ያንብበው።