ጧሪና ተመልካች በጋይንት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላረጀ ሰው የመጦሪያ ተቋም አልነበረም፤ ሥርዓት ግን ነበረ። ባሏ የሞተባት ባልቴት ቆብ ጭና ትመነኩሳለች። ከዚያ ወዲያ ወይ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎጆ ይቀለስላታል፣ ወይ ከልጇ ቤት ትጠጋለች። በታች ጋይንት ቤተልሔም፣ በድጓው ምስክር ቤት፣ ዐይናቸው የደከመ የኔታ ቢኖሩ ውኃ የሚቀዳላቸውም፣ እንጨት የሚለቅምላቸውም፣ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸውም ደቀ መዝሙራቸው ነው።

ይህን ሥርዓት ደግፈው ያቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ርስት ነው። ጋይንት በምትገኝበት በበጌምድር ርስት በእናትም በአባትም ይወርድ ነበር፤ ወላጅም ለጦረው ልጅ አብልጦ የመስጠት ዐቅም ነበረው። ሁለተኛው የሰው ዐይን ነው። የነፍስ አባት ቤት ድረስ ይመጣል፤ ከሰንበቴ የቀረ አረጋዊ ይጠየቃል፤ ቸል ያለ ጧሪ ወሬው ደጀ ሰላም ይደርሳል።

እኔ ያደግሁት በላይ ጋይንት፣ የጉና ብርድ በሚወርድበት ደጋ ነው። አያቴ እማሆይ ዐይናቸው መድከም ሲጀምር፣ ሌሊት ተነሥተው እሳት ላይ እንዳይወድቁ አባቴ ምድጃውን ዙሪያውን በድንጋይ ከበበው። ኋላ ከመደብ መነሣት ሲያቅታቸው እናቴ በየጠዋቱ አጎዛውን አራግፋ ፀሐይ ታስመታለች፤ ለብ ባለ ውኃ ታጥባቸዋለች፤ ወገባቸውንና ተረከዛቸውን ቅቤ ቀብታ ጎናቸውን ታዞራለች። ጠያቂ ሴት ስትመጣ ደግሞ ራሷ «ጀርባቸውን ሳታዪ እንዳትሄጂ» ትላለች። ቁስል ቢጀምር እሷ ያላየችውን ሌላው እንዲያይላት ነበር። እንክብካቤ የሚመዘነው ሌላ ሰው እንዲያየው በመፍቀድ እንደሆነ የተማርሁት ከእሷ ነው።

የርስቱ ነገር ግን ኋላ ተለወጠ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለጭሰኛው ትልቅ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን መሬትን ከውርስ አወጣው፤ ባለይዞታው ሲሞት መሬቱን የመጠቀም ቅድሚያ ለትዳር ጓደኛውና አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ሆነ። ጎልማሳው ጧሪ ልጅ የሚያገኘው እነርሱ ከሌሉ ብቻ ነበር። የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 133/1998 ይዞታን በኑዛዜ ማስተላለፍን ሲፈቅድ፣ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ መውረድ ለምዶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበትም ጧሪም ለሌላቸው ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ድጋፉ ከረኀብ ያድናል፤ የሚያጥብና ጎን የሚያዞር እጅ ግን አብሮት አይመጣም።

አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ የተባለ የመርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን አረጋውያን እያጠበና እያበላ፣ ዘመድ ያልሆነም ሰው ሊጦር እንደሚችል አሳይቶናል። በእኛም በጋይንት እንዲህ ያለ ቤት ይከፈት እላለሁ። ሲከፈት ግን ዘመድ፣ የነፍስ አባትና የእድር ሰው በፈለጉት ሰዓት ሳይጠሩ የሚገቡበት ይሁን። ማን መቼ እንደታጠበ፣ መቼ ጎኑ እንደዞረ ተጽፎ ይቀመጥ፤ አረጋዊውም በደል ቢደርስበት ከጧሪው ሌላ የሚነግረው ሰው ይኑረው። ጧሪ ደግ ቢሆንም ይደክማል፤ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።