ዝምተኛው ተማሪና የጫጫታው መጠን፦ ኢንትሮቨርትነትን እንደ ባሕርይ መረዳት

በስብሰባ ቶሎ የማይናገር፣ ከድግስ ቀደም ብሎ የሚወጣ፣ ብቻውን ሲሠራ የሚዋጣለት ሰው ብዙ ስም ይወጣለታል፤ ኩሩ፣ አኩራፊ፣ ፈሪ፣ ሲወደድም ጭምት። የሥነ ልቦና ምሁራን እንዲህ ያለውን ሰው ኢንትሮቨርት ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ኢንትሮቨርትነት የሚታረም ጉድለት አለመሆኑ ነው። ጉድለት የሚያስመስለው ብዙውን ጊዜ ሰውየው እንዲሠራ የተደረገበት ሁኔታ ነው።

ስያሜውን ያስፋፋው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ ሲሆን፣ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥራው የሰው ትኩረት ወደ ውጭው ዓለም ያደላል ወይስ ወደ ውስጥ ብሎ ጠየቀ፤ ወደ ውጭ የሚያደላውን ኤክስትሮቨርት፣ ወደ ውስጥ የሚያደላውን ኢንትሮቨርት አለው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሃንስ አይዘንክ በ1967 ጥያቄውን ወደ አንጎል ወሰደው፤ የኢንትሮቨርቶች አንጎል በተፈጥሮው ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ጥቂት ድምፅና ግርግር ይበቃዋል አለ። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ሐሳቡን በሙሉ አልደገፉትም። በእረፍት ጊዜ የሚታየው ልዩነት ወጥ አልሆነም፤ ጎልቶ የወጣው ለማነቃቂያ በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ራስል ጂን በ1984 ያወጣው ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ በመሞከርና በመሳሳት የሚፈታ የቃላት ፈተና ተሰጣቸው፤ በጆሮ ማዳመጫቸውም ድንገተኛ ጫጫታ ተለቀቀባቸው። ጫጫታውን ለራሳቸው እስኪመቻቸው እንዲያስተካክሉ ሲፈቀድላቸው፣ ኤክስትሮቨርቶቹ በአማካይ 72 ዴሲቤል፣ ኢንትሮቨርቶቹ 55 መረጡ። እያንዳንዱ በመረጠው መጠን ሲሠራ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ኤክስትሮቨርቶቹ 5.4፣ ኢንትሮቨርቶቹ 5.8 ሙከራ ፈጀባቸው። አንዱ ወገን ሌላው በመረጠው መጠን እንዲሠራ ሲደረግ ግን የኢንትሮቨርቶቹ ሙከራ ወደ 9.1፣ ዝቅ ባለ ጫጫታ የሠሩት የኤክስትሮቨርቶቹም ወደ 7.3 አሻቀበ። ልብ በሉ፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ኤክስትሮቨርቱንም ጎድቶታል። የማንም ችሎታ አልቀነሰም፤ የተቀየረው የማዳመጫው ድምፅ ብቻ ነው።

ዓይን አፋርነት ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ምን ይለኛል የሚል ስጋት ነው። ኢንትሮቨርቱ ሳይፈራ ብቻውን መሆን ሊመርጥ ይችላል፤ ሰው እየናፈቀ የሚፈራ ኤክስትሮቨርትም አለ።

ይሁንና ስለ ዓይን አፋርነት የተጠና አንድ ጉዳይ ለሁለቱም ብርሃን ይሰጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሺንዪን ቼንና ባልደረቦቹ የሻንጋይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በ1990፣ በ1998ና በ2002 አጠኑ። በ1990 ዓይን አፋር ልጆች በእኩዮቻቸው የተወደዱ፣ በትምህርታቸውም የበረቱ ነበሩ። በ2002 ግን ያው ጠባይ ከመገለልና ከድብርት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በመካከሉ ቻይና ወደ ገበያ ኢኮኖሚ ይበልጥ ዘልቃ ነበር፤ አጥኚዎቹም ለውጡን ያያያዙት ራስን ማስተዋወቅ የሚሸለምበት ኑሮ ከመምጣቱ ጋር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የልጆችን ተፈጥሮ አይለውጥም፤ ለዝምታ የሚሰጠውን ዋጋ ግን ለውጧል።

የእኛም ትምህርት ቤቶች ከዚህ አይርቁም። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀት ለደካማ ተማሪ እንዲረዳ ታስቦ የመጣ ነበር፤ ለክፍል ተሳትፎ የሚሰጥ ነጥብ ግን እጅ ማውጣትን የእውቀት መለኪያ ሲያደርግ አስቦ የሚመልሰውን ልጅ ሰነፍ ያሰኘዋል። ነባሩ የቅኔ ትምህርት እዚህ ላይ የበለጠ አስተዋይ ይመስለኛል። ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው ከሰው ገለል ብሎ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በወንዝ ዳር ነው፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይታረማል፤ ጓደኞቹም ይሰሙታል። ብቻ መሆንም በሰው ፊት መናገርም በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ ብቻ መሆኑ ይቀድማል።

ዘመናዊው ክፍል ይህን ቅደም ተከተል ለመውሰድ ብዙ አያስፈልገውም፦ መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ በየደብተሩ መልሱን ያሰፍራል፤ ውይይቱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሳትፎ ነጥቡም ለተጻፈውና ለተነገረው እኩል ይሰጣል።